የእማማ ማንኪያ የምግብ መዝገብ

የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ እናቴን «እማማ ማንኪያ» ይላታል። በሠራተኞቹ መመገቢያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ምግብ ስታበስል ያቺ ረጅም ማንኪያ ከሽርጧ ኪስ ተለይታ አታውቅም። እሷ ያልቀመሰችው ድስት ከማብሰያ ክፍሉ አይወጣም። ጨው ቢበዛ፣ ሩዙ ቢጠነክር፣ ሻዩ ስኳር ቢያንሰው የአራት መቶ ሰው ስድብ የሚወርደው በእሷ ላይ ነው።

ስኳር ከያዛት ስድስት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ዓመት ግን አልወርድ ብሎ አስቸገረ። የጤና ጣቢያው ዶክተር አንድ ቀጭን ደብተር ሰጣትና ለሰባት ቀን የምትበላውን ሁሉ እንድትጽፍ አዘዛት። ደብተሩ ለየቀኑ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት የሚሉ ሦስት ሣጥኖች አሉት፤ ሌላ ቦታ የለውም። ዓይኗ ስለደከመ እሷ እየነገረችኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግማሽ ዳቦና ስኳር የሌለው ሻይ፣ ጎመንና አንድ እንቁላል፣ ማታ ሾርባ። ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ ብዙም አይለይም።

ዶክተሩ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ተደሰተ። እንዲህ ቆጥባ እየበላች ካልወረደ ያነሰው መድኃኒቱ ነው አለና የጠዋቱን ኢንሱሊን ጨመረ። ሥራዋ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቃትም። ይኼን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እሑድ ፋብሪካው ዝግ ነው። እናቴ መርፌዋን ተወጋች፣ ግማሽ ዳቦዋን በላች፣ ልብስ ልታጥብ ተነሳች። ረፋዱ ላይ በልብስ መዘፍዘፊያው አጠገብ ተዘርራ አገኘኋት። ላብ አጥምቋታል፣ ጥርሷ ገጥሟል። ማር በጣቴ ድዷ ላይ እያሸሁ የሰፈሩን ሰው በጩኸት ጠራሁ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ስኳሯ ከልክ በታች ወርዷል፣ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር አሉኝ።

በማግስቱ ያን ዶክተር አልጋዋ ድረስ መጥቶ አገኘሁት። ስጠብቀው ነው ያደርኩት። ደብተሩን በእጁ ይዟል። መዝገቡና የደሟ ውጤት እንደማይገጥሙ፣ ሕመምተኞች የበሉትን እንደሚደብቁ ነገረኝ፤ ያውም እሷ እየሰማች።

«እናቴ አትዋሽም» አልኩት። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ገድለሃት ነበር፣ አሁን ደግሞ ውሸታም ትላታለህ ብዬ የአፌን ሁሉ ተናገርኩት። አንተ ማለቴን እንኳ ያወቅኩት ኋላ ነው።

ዶክተሩ ወደ እናቴ ዞሮ ሥራዋን ጠየቃት። ምግብ አብሳይ እንደሆነች ነገረችው።

«ታዲያ አይቀምሱም?»

«ሳልቀምስ እንዴት አድርጌ ላወጣው ነው?» አለችና ፈገግ አለች።

ከዚያ በጣቶቿ ቆጠረችለት። ስኳሩ ድስቱ ውስጥ የሚጨመርበት ሻይ፣ ለጠዋቱም ለከሰዓቱም ፈረቃ፣ በኩባያ። ሩዙ መብሰሉን ለማየት ሦስት አራት ጊዜ። ድንቹ። ስጎው። ከእያንዳንዱ የዳቦ መደርደሪያ አንድ ቁራሽ። ጣቷ አለቀባት። የሥራ ቀን ከሆነ የተጨመረው መድኃኒት የሚያወርደው ስኳር ያገኛል፤ እሑድ ግን ግማሽ ዳቦ ብቻ ነው።

«ይኼ ሁሉ ለምን አልተጻፈም?» አለ ዶክተሩ።

ስላልጠየቅክ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ የረሳሁት፣ ዶክተር። ልጄ የነገርኳትን ነው የጻፈችው።»

አልረሳችም። ማክሰኞ ማታ ሻዩንም ሩዙንም መቅመሷን ነግራኝ ጽፌው ነበር። ከዚያ ሣጥኑ ጠበበኝ፣ ስልኬም ጠራ፤ «እማ፣ እሱ ሥራ እንጂ ምግብ ነው እንዴ? ተይው» ብዬ ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲያ ደግማ አላነሳችውም።

ዶክተሩ ደብተሩን ገልጦ ጣቱን የማክሰኞው ገጽ ላይ፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት ተጽፎ በእኔ እስክሪብቶ የተሰረዘው መስመር ላይ አሳረፈ። እናቴ አትዋሽም ብዬ ከጮኽኩ አምስት ደቂቃ አልሞላም ነበር።