ቢርካዋን ልጥረጋት ወይ?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሰማይ የማይ መስሎኝ ነበር። የጅግጅጋው ሜትሮሎጂ ጣቢያ ኃላፊ አቶ ደረጀ በር ላይ ሲቀበለኝ አንጋጥጬ ደመና ሳይ ያዘኝና ሳቀ። «አስቴር፣ ደመናውን ለገጣሚ ተዪለት። አንቺ የምታዪው ጣሳ ነው» አለኝ።

ወደ ጊቢው መሃል ወስዶ የዝናብ መለኪያውን አሳየኝ። አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ጠርሙስ አለ። በጠርሙሱ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር በተሰመረበት ብርጭቆ ትገለብጫለሽ፣ ሚሊ ሜትሩን ታነቢያለሽ፣ ከዚያ ትደፊዋለሽ። ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።

«ዝናብ ባይኖርስ?» አልኩት።

«ባይኖርም ትሄጃለሽ። ባዶ መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ ዜሮ ትጽፊያለሽ። ዜሮም ልኬት ነው።»

ይህ በ2011 ዓ.ም. ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጅግጅጋ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነበር፤ ሶማሊኛውንም የለቀምኩት ከሱቁ ደጃፍ ነው። ማታ ሥራዬን ስነግረው «ባዶ ቆርቆሮ እንድታዪ ደሞዝ ይከፍሉሻል? ኧረ ተመስገን በይ» ብሎ ተሳለቀብኝ። ያኔ አብሬው ሳቅሁ። በኋላ ግን ነገሩ አላሳቀኝም።

ከመለኪያው አጠገብ ሰፊ የብረት ሳፋ ነበር። ውሃ ሞልተን ለፀሐይ እንተወዋለን፤ በማግስቱ ስንት እንደጎደለ እንለካለን። ፀሐይና ነፋስ ምን ያህል ውሃ እንደሚያተኑ የሚታወቀው እንዲያ ነው። ወፍ እንዳይጠጣው ደግሞ የሽቦ ወንፊት ተደፍቶበታል። የከተማው ቧንቧ ጠፍቶ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት፣ ያንን ሳፋ መሙላት አንጀቴን ይበላው ነበር።

አዴር ሮብሌን ያወቅሁት በዚያ ሳፋ ምክንያት ነው። አዴር ማለት አጎት ነው፤ በእኛ ከተማ ትልቅ ሰው እንዲያ ይጠራል። ከቱሊ ጉሌድ ወዲያ ካለ መንደር ፍየል ሊሸጥ መጥቶ «ዝናብ የሚያውቁት እዚያ ናቸው» ብለውት ወደ ጣቢያው ገባ። ሳፋውን አየና ቆመ። ለምን እንደሆነ አስረዳሁት።

«ሱብሃነላህ! እኛ ውሃ አጥተን እናንተ ፀሐይን ታጠጣላችሁ?» አለኝ።

ወንበር አቀረብኩለት።

የመጣበት ጉዳይ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ቢርካዋን ልጥረጋት ወይ?» ቢርካ በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ጉድጓድ ነው። ሲዘንብ ጎርፉ ተጠልፎ ይገባበታል፤ ቤተሰቡም ከብቱም በደረቁ ወራት የሚኖረው በዚያ ነው። ታዲያ ከዝናቡ በፊት ከሥሩ የተኛው ደለል መጠረግ አለበት፤ ካልተጠረገ አዲሱ ውሃ ይበላሻል፣ ጉድጓዱም ግማሹን አይዝም። ደለሉን ለማውጣት ግን የመጨረሻውን ውሃ መድፋት ግድ ነው። ጀሪካን የያዘውን ይይዛል፤ እሱ ለሰው ጉሮሮ እንጂ ለፍየል አይደርስም። ጠርገህ ዝናቡ ከቀረ፣ አለቀልህ።

አቶ ደረጀን ጠየቅሁት። «ጥረግም አትጥረግም እንዳትዪ። ትንበያው የሚለውን ዕድል ንገሪው፣ ውሳኔው የእሱ ነው» አለ። እኔም ለአዴር ሮብሌ «የዘንድሮው ዝናብ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድል አለው» አልኩት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ።

በዚያው በልግ ጅግጅጋ ላይ ደህና አድርጎ ዘነበ። ሬዲዮውም ተናገረ። አዴር ሮብሌ ደወለ። «እናንተ ጋ ጣለ አሉ። ነገ እኛ ጋ ነው፤ ልጥረጋት ወይ?» አለ።

«አዴር፣ የለካሁት ጅግጅጋን ነው። እርስዎ ሰፈር መለኪያ የለኝም» አልኩት።

እሱ ጠረገ። ከካራማራ ተራራ የወረደው ደመና ከተማችንን አጥቦ እዚያው አለቀ። ሚስቱ ሃሊማ ውሃ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ በአህያ ስትመላለስ ከረመች፤ ከፍየሎቹም ብዙዎቹ አለቁ። ሲደውል «ደመናሽ መንገድ ላይ ቀረ» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አቶ ደረጀን ነዘነዝኩት። መጋዘን ውስጥ አንድ ትርፍ መለኪያ ነበር፤ ለበጎ ፈቃድ ታዛቢ ይሰጥልን አልኩ። የበላይ ጠየቅን፣ ጠበቅን፣ ደግመን ጠየቅን። ሰው ደክሞት ሲተወው ነው መሰለኝ የሚፈቀደው፤ በመጨረሻ ተፈቀደ። ራሴ አዴር ሮብሌ መንደር ወስጄ ተከልኩት።

ቦታውን የመረጠው አዴር ሮብሌ ነው። «ዝናቡ የሚመጣው ለእሷ አይደል? እዚያው ደጇ ላይ ይቁም» ብሎ ከቢርካው አፍ አጠገብ አሳየኝ። ዙሪያው ገላጣ ነው፣ የሚከልለው ዛፍ የለም። እኔም ደህና ቦታ ነው አልኩ። መሬቱ እንደሌላው መሬት ሁሉ አቧራ ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። በልጉ ቀረ፣ ቀጥሎ የመጣው ዝናብም ቀረ፣ ከርሞም ያው። ጠዋት ሦስት ሰዓት አልፎ ስልኬ ይጮሃል። «ኤበር» ይላል አዴር ሮብሌ። ዜሮ ማለቱ ነው። «እኔም ጋ ኤበር» እለዋለሁ። ከአዲጋላ ጣቢያ የሚደውለው ባልደረባዬም ዜሮ ይላል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፤ እኛ እኮ የምንወቅጠው ውሃ እንኳ አጥተን ነው።

ደከመኝ። አንዳንድ ጠዋት ከወንበሬ ሳልነሳ ዜሮ ልጻፍ ይለኛል፤ ማን ያየኛል? ደግሞ ያ ሽማግሌ ያለ ደሞዝ ሄዶ አይቶ ሲደውል እኔ እንዴት እቀራለሁ እልና እነሳለሁ። ጣሳው ውስጥ አቧራ፣ አንዳንዴም የሞተች ንብ አገኛለሁ። አራግፌ እመለሳለሁ።

በስንት መከራ አንድ የበልግ ጠዋት ስልኩ ከሰዓቱ ቀድሞ ጮኸ።

«አስቴር! ዘጠኝ! ዘጠኝ ሚሊ ሜትር!»

«ወይኔ አዴር! እንኳን ደስ አለዎት። በሉ አሁን ይድፉትና ለነገ ባዶ ይሁን።»

«አልደፋሁትም። ሃሊማ ጠጣችው። የመንግሥት ውሃ ነው ብለሽ ልትከሺን ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጥረጋት ወይ?» አለኝ።

ከቢርካው ሥር የቀረው ውሃ በቦቴ መጥቶ የተገለበጠ፣ ከጎረቤት የሚካፈሉት ነበር። ከደፋው ሌላ የለውም። ግን የመጀመሪያውን ዝናብ የተጠማው መሬት ራሱ ነው የሚጠጣው፤ ጎርፍ ሆኖ ወደ ቢርካ የሚገባው የሚቀጥለው ነው። ለመጥረግ ያለችው ጊዜ በሁለቱ መካከል ናት። ትንበያውም ደመናውም ሌላ ይመጣል ይሉ ነበር፤ ከዚህ በፊትም እንዲሁ ብለው ያውቃሉ። አቶ ደረጀ ከጠረጴዛው ማዶ ያየኛል።

«ይጥረጓት፣ አዴር» አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ አቶ ደረጀ «ባይመጣስ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ።

አዴር ሮብሌ በየጠዋቱ ይደውላል። «ኤበር። ጠርገን ጨርሰናል» ይላል። ሌላ ነገር አይጨምርም።

ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ካራማራ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ስልክ የለም። አራት ሆነ። ስደውል አይሠራም። የቱሊ ጉሌድን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል አሉ። እኔ የማስበው ሃሊማና ሽማግሌው ደጅ ሳሉ ጎርፉ ደርሶባቸው እንዳይሆን ነበር። ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ሞልታለች» አለኝ። «እስከ አፏ። የጎረቤትም ሞልቷል። ሁላችንም ደህና ነን።»

አለቀስኩ፤ አልደብቅም። አፍንጫዬን ጠርጌ «ልኬቱስ ስንት ሆነ?» አልኩት።

«የምን ልኬት? ጣሳሽን ጎርፉ ወሰደው።»

መለኪያውን የተከልነው ጎርፉ ወደ ቢርካው በሚገባበት ቦይ ላይ ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ደጅ ነው፣ እኔ ባለሙያ ነኝ፤ ሁለታችንም አላየነውም። አቶ ደረጀ «በቱሊ ጉሌድ በኩል ልኬት የለም ብለሽ ጻፊ» አለኝ፤ ጻፍኩ። ስንት ዓመት ዜሮ ስንቆጥር ከርመን፣ የጠበቅነው ዝናብ የመጣበት ቀን መዝገቡ ላይ ክፍት ቀረ።

አዲስ ታዛቢ ሲመጣ የምነግረው ይህንን ነው። የጅግጅጋን ዝናብ ለቱሊ ጉሌድ አትንገር። መለኪያህንም ስትተክል ውሃው በየት እንደሚወርድ መጀመሪያ ጠይቅ፤ ድርቅ ሲረዝም የአገሩ ሰው እንኳ ይረሳዋል።