የጦር መርከብ ይዞ ወደ ደምበጫ

የጦር መርከብ እነድፋለሁ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የነበረውን ዓይነት፣ በድንጋይ ከሰል የሚሄድ፣ ግራና ቀኙ ብረት የለበሰ፣ ትልልቅ መድፍ የተሸከመ መርከብ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይከፍለኝም። ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱት የባሕር ጦርነት ጌም አለ፤ ተጫዋቹ መጀመሪያ የራሱን አገር ይፈጥራል፣ ቀጥሎ ለዚያች አገር መርከብ ይነድፋል፣ ከዚያ ጌሙ መርከቡን ባሕር ላይ አውጥቶ ይፈትንለታል። ይህን ዛሬ ሳላፍር እጽፈዋለሁ። እዚህ ለመድረስ ግን አንድ ጊዜ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር።

የእንጀራ ሥራዬ የቤት ፕላን መሥራት ነው። ደንበኛ ሁለት መቶ ካሬ ቦታ ይዞ ይመጣል። ሳሎኑ ሰፊ ይሁን ይላል፣ መኝታ ቤቱ አራት ይሁን፣ ግቢው መኪና ያስገባ፣ ከኋላ ሰርቪስ ይኑረው፣ ለጎመንም ትንሽ ቦታ ተውልኝ። አይበቃም ስለው “አንተ ካልቻልክ ሌላ ጋ እሄዳለሁ” ብሎ ያኮርፋል። ጌሙን የወደድኩት ለዚህ ነው። ጌሙ ክብደት ያውቃል። መድፍ ካበዛሁ ከሰሉን ይቀንስብኛል፣ ብረቱን ካወፈርኩ ፍጥነቱን ይወስድብኛል፤ አይለመንም፣ ዘመድም የለው። መጀመሪያ የነደፍኩት መርከብ ፎቅ ቤት ነበር የሚመስለው። መድፉን ሁሉ ከላይ ከምሬበት ገና ወደቡን ሳይለቅ ተገለበጠ። ከወንበሬ ተነሥቼ “እሰይ!” አልኩ። ስሕተቴን ፊት ለፊት የሚነግረኝ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት መርከብ እንደነደፍኩ አልቆጠርኩም። ለአገሬ፣ ጌሙ ውስጥ ላለችው ማለቴ ነው፣ ሦስት ደሴትና አንድ ቁጡ ጎረቤት ሰጠኋት። እኔ ራሴ ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውኃ ጣና ነው፤ በጀልባ ወደ ገዳም ስሻገር አስመለሰኝና፣ ከመነኮሳቱ በረከት በፊት የተቀበልኩት ሎሚ ነበር።

ያን ጊዜ ጉዴን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እጮኛዬ እንዳልላት ቤተሰቧ ገና አልተጠየቀም፤ እኔና እሷ ግን ተስማምተን ጨርሰናል። እዚሁ ማርቆስ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ቤተሰቧ ደምበጫ ነው፤ አባቷ እዚያ ወፍጮ ቤት አላቸው። “ሰረቅህ እንዴ የምትደብቀው?” ትለኛለች። ለእሷ ቀላል ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ፣ ቢሮ ያለው፣ ማኅተም ያለው ሰው “ጌም እጫወታለሁ” ሲል የሚታይበትን ዓይን እሷ አታውቀውም። እኔም ልሞክረው አልፈለግሁም።

ነገሩ የተበላሸው የሰፈራችን የቅኔ መምህር ቢሮዬ የመጡ ዕለት ነው። የኔታ የመጡት ለደቀ መዛሙርቱ ማረፊያ ፕላን ሊያሠሩ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ የመርከቤ ጎን፣ ከነመድፉ ከነጭስ ማውጫው፣ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ተዘርግቷል።

“ይህ ምንድን ነው ልጄ?”

“የጦር መርከብ ነው የኔታ።”

“አንተ ነህ የሠራኸው?”

“እኔ ነኝ።”

መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። መለኪያውን፣ ቁጥሩን፣ ሁሉንም በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። “ለማን ነው?”

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። “እንግዲህ… ለሚያስፈልገው ነዋ” አልኩ።

ያ ሰሞን ሬዲዮውም ሚኒባሱም ስለ ባሕር በር ነበር የሚያወራው። የኔታ ቀና ብለው አዩኝ፣ በሩን ገርበብ አደረጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ገባኝ። ከእኔ አያልፍም” አሉ። ምን እንደገባቸው ገብቶኛል። እኔም ዝም አልኩ። አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩት እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር፤ የኔታ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ሌላ ሆነ።

ሽማግሌ መላኪያው ጊዜ ሲደርስ ታዲያ ከየኔታ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? እሳቸው ቀድመው፣ ሌሎች ሁለት አባቶች ተከትለው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ደምበጫ ሄዱ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። እኔም በላሁ። ሲመለሱ የኔታ ፊታቸው በርቷል።

“በር ላይ ቆምን” አሉኝ። “አባቷ ‘ግቡ፣ ተቀመጡ’ አሉን። ‘ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም’ አልን። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ጠየቅን። ዘርህን ቆጠርንላቸው፣ ጠባይህን ነገርናቸው። ‘ሥራውስ ምንድን ነው?’ ሲሉ ነው እንግዲህ፣ ምስጢርም ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል ብዬ ያወጣሁት።”

“ምን አሏቸው የኔታ?”

“ለመንግሥት የጦር መርከብ ይነድፋል አልኳቸዋ!”

ግድግዳ ተደገፍኩ። “እሳቸውስ?”

“ፊታቸው ልውጥ አለ። ተደንቀው ነው። ‘መልስ የምሰጠው መርከቡን ካየሁ በኋላ ነው፤ ልጁ ራሱ ይዞት ይምጣ። ቤቴ ሳይሆን ወፍጮ ቤት’ አሉ። ቀጠሮው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።”

በእኛ ወግ ልጅቱ ሳትፈቀድለት የሴቷ አባት ዘንድ የሚሄድ ወንድ የለም። ለዚህም ነው ሰውየው ቤት አይምጣ ያሉት። ግን የወፍጮ ቤት ባለቤት መርከብ አይቶ ምን ያውቃል? እየሮጥኩ ፋርማሲ ሄድኩ።

“አባቴ ወጣት ሳለ ባሕረኛ እንደነበር አልነገርኩህም?” አለች።

“አልነገርሽኝም!”

“ምጽዋ ነበር። መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ሞተር ክፍል። አያወራውም፣ እኛም አንጠይቀውም።” ከዚያ መድኃኒት መደርደሯን ትታ አየችኝ። “እውነቱን ንገረው።”

“የኔታን ውሸታም ላደርጋቸው ነው?”

“እሱ ያንተና የየኔታ ነው። እኔ ቀድሜ አልነግርልህም፣ አፍ አለህ። ከዋሸኸው ግን እሱ እሺ ቢል እንኳ እኔ እምቢ እላለሁ። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትል።”

እንደማታሾፍ ድምፅዋ ይናገራል። ሁለቱን ሳምንት ምን እንደምናገር ማሰብ ሲገባኝ ስነድፍ ከረምኩ። በዕድሜዬ እንዲያ ያለ መርከብ ነድፌ አላውቅም። ጌሙ በሰጠኝ ነጥብ ሁሉ ከፍ ያለ፣ በመድፍ ተደብድቦ የማይሰጥም። ንድፉ ካማረ ሰውየው ለማን ነው ብለው ላይጠይቁኝ ይችላሉ ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። የፈሪ ተስፋ እንዲህ ነው።

መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ በቀጠሮው ቀን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወረቀቱን የጠቀለልኩበትን ቱቦ ጭኔ ላይ አጋድሜ ያዝኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት “የምን ፕላን ነው?” ሲሉኝ “የቤት” አልኳቸው። ከዚያ እስከ ደምበጫ በመስኮት በኩል ጤፉን ሳይ ሄድኩ።

የሴቷ አባት አጭር ናቸው፣ ክንዳቸው ወፍራም፣ ቅንድባቸው በዱቄት ነጥቷል። ሰላምታዬን ተቀብለው ሞተሩን አጠፉት። ድንገት ጸጥ ሲል ተራ ይዘው የነበሩት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። “ትንሽ ታገሡኝ” አሏቸውና እህል በተሞላ ጆንያ ላይ ወረቀቱን አስዘረጉኝ። ጥግ ጥጉን በቁናና በመፍቻ ጫኑት። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ቦይለሩ ስንት ነው?”

“አሥራ ሁለት ነው አባቴ።”

“ከሰሉ በየት ይገባል?”

አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የብረቱን ውፍረት ጠየቁ፣ ነገርኳቸው፤ አሁንም ነቀነቁ። ልቤ መለስ አለች፤ እንዲያውም ተኩራራሁ። ሳልጠየቅ ስለ ክብደቱ፣ ስለ መድፉ ርቀት ማስረዳት ጀመርኩ። በዕድሜዬ ንድፌን የሚያነብልኝ ሰው ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

“ስንት ሰው ይይዛል?”

“ስምንት መቶ።”

“የት ይተኛሉ?”

ጌሙ ውስጥ ሰው ማለት ቁጥር ነው። ስምንት መቶ ብዬ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሳጥን ውስጥ ጻፍኩ፣ አለቀ። “እዚህ… ከመድፉ በታች” አልኩ።

“ይሄ የጥይት መጋዘን ነው አላልከኝም?”

ጣታቸው ወደ ታች ወረደ፣ መርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከሰሉ የሚነድባቸው ቦይለሮች አጠገብ ቆመ። “እዚህ የሚሠራው ሰው፣ ውኃ ቢገባበት በየት ይወጣል?”

አየሁት። አራቱም ጎኑ ድፍን ብረት ነው። በር ካለው ግድግዳው ስለሚደክም፣ ጌሙም ነጥብ ስለሚቀንስ፣ በሮቹን አንድ በአንድ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ደግሞ ስኮራበት ከርሜያለሁ።

“መውጫ የለውም” አልኩ።

ጣታቸውን አነሡ። የዱቄት አሻራ ወረቀቱ ላይ ቀረ። “ከታች የሚሠራ አንድ ጓደኛ ነበረኝ” አሉ፤ ከዚያ አልቀጠሉም። እኔም አልጠየቅሁም። አፈርኩ። ጌም መጫወቴ አይደለም ያሳፈረኝ።

“መቼ ነው የሚሠራው ይሄ መርከብ?” አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

“አይሠራም አባቴ።”

“እንዴት አይሠራም?”

“ጨዋታ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱት ጌም ነው። አገሩም የለም፣ መንግሥትም አላዘዘኝም። የምተዳደረው በቤት ፕላን ነው። የኔታ አልዋሹም፤ ሲጠይቁኝ አፍሬ ዝም ያልኳቸው እኔ ነኝ።”

“ሰው አይሳፈርበትም?”

“አይሳፈርበትም።”

“ስምንት መቶዎቹስ?”

“የሉም።”

“ማርያምን?”

“ማርያምን!”

ቀስ ብለው ሌላ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ስድቡን ጠበቅሁ። ቱቦዬን ይዤ እንዴት እንደምወጣ፣ ፋርማሲ በር ላይ ቆሜ ምን እንደምላት ማሰብ ጀምሬያለሁ። ሰውየው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

“ተመስገን!” አሉ። “ተመስገን ጌታዬ!”

ሴቶቹ ደነገጡ። እሳቸው ግን መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ዱቄቱ ይረግፋል። “ሁለት ሳምንት እህል አልበላሁም እኮ! ልጄን መርከብ ለሚሠራ ሰው ልሰጥ ነው? ነገ ‘ና ራስህ ተሳፈርበት’ ቢሉትስ? የሰው ልጅ የሚያልቅበትን ነድፎ የመጣ እጅ ልጄን ይዳብስ? ሽማግሌ ፊት እንዳላዋርድህ ብዬ ነው ወፍጮ ቤት የጠራሁህ። እምቢ ልልህ ነበር!”

የኔታ በኩራት ያወጡት ምስጢር ልጅቷን ሊያሳጣኝ ኖሯል። አጠገባቸው ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሳይፈቀድልኝ። ሁለት ሳምንት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሣ ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር ደግሞ ዕንባዬ፤ በእጄ ስጠርገው ፊቴ ዱቄት ሆነ። እንዲያ ያለ እፎይታ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላገኘሁም።

“ለየኔታ ምን ልበላቸው?” አልኩ።

“እውነቱን። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ፣ ቶሎ።” (ነገርኳቸው። ሦስት ቀን አኮረፉኝ፤ በአራተኛው ቢሮዬ መጥተው “እስቲ ሲዋጋ አሳየኝ” አሉ።)

ሰውየው ስልካቸውን ከሸሚዛቸው ኪስ አወጡ። ከዓይናቸው አርቀው ቁጥሩን ፈለጉ፣ ደወሉ። ሞተር አጠገብ የኖረ ሰው ስልክ ሲያወራ ይጮኻል።

“ሄሎ! ልጄ? ይሰማሻል? መርከብ የለውም! … የለውም እልሻለሁ፣ አንድም የለውም! … እኔ ምን አውቄ፣ ማን ነገረኝ? … አዎ፣ እዚሁ ነው፣ እያለቀሰ ነው። … ኧረ ምንም አልሆነም። በይ ሥራሽን ሥሪ፤ ባልሽን ምሳ አብልቼ እልክልሻለሁ።”

ስልኩን ዘግተው ተነሡ፣ ወደ ሴቶቹም ዞረው “ተራው የማን ነበር?” አሉ።