አይቆጡም ጌታ
ገና የክርስቲያኖቹ በዓል ነው፤ ጨዋታው ግን በእኛ አገር በቀወት የሁላችንም ነበር። ማሽላው ታጭዶ ባዶ በቀረው ማሳ ላይ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ቆልማማ ዱላችንን ይዘን ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ስናሳድድ እንውላለን።

በደርግ ጊዜ፣ አንድ ዓመት፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽጉጡን እንደታጠቀ ጨዋታው ውስጥ ገባ። ሩሯን አገኘሁ ብዬ የሰነዘርኩት ዱላ ቅልጥሙ ላይ አረፈ። በግርግሩ ማን እንደመታው አላየም። እኔ ዱላዬን ከኋላዬ ደበቅኩ፤ ወንድሜ ግን እየሳቀ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አለው።

እውነትም አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ! ቅልጥሙን እያሸ ሳቀና፣ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ሲል ጠየቀው። ወንድሜ የአባታችንን ስም ደረቱን ነፍቶ ነገረው። ያ ሳቅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

በሳምንቱ ለውትድርና የሚሄዱት ሲጠሩ መጀመሪያ የተጠራው ወንድሜ ነበር። በዚያው ቀረ። እናታችን እስክትሞት ድረስ፣ ከሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ ልጇን የበላባትን ሰው ስትረግም፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «አሚን» እል ነበር። ዱላው የእኔ እንደነበር አልነገርኳትም።