ዘይት የጠጣው ካሜራ

የካሜራ ጥገና የተማርኩት ከስልኬ ነው። አስተማሪዬ በማላውቀው ቋንቋ የሚያወራ ሰው ነው፤ ፊቱን አያሳይም፣ እጁን ብቻ። እጁ አይንቀጠቀጥም። ከትምህርቱ ሁሉ የጎደለችኝ ይህችው ነበረች።

ከዚያ በፊት ገጣሚ ነበርኩ። እሱንም ያስተማረኝ የለም፤ ግጥሜን የሰሙ ሰዎች «ያስታውቃል» ይላሉ። እናቴ ሸማ ተራ ነጠላ ስትሸጥ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ከምናለሽ ተራ የገዛኋትን የሞተች ካሜራ በካቻቢቴ ስፈታ ግን ሰፈሩ ቴክኒሻንነቴን ወዲያው ተቀበለ። እዚህ የሰው ሙያ የሚታወቀው በያዘው ዕቃ ነው። ከግጥም ቃል ሲተርፍህ ጎበዝ ነህ። ከካሜራዋ ሦስት ብሎን ሲተርፈኝ ግን ለእናቴ «ሲሠሯት አብዝተውባት ነው» አልኳት።

ይህን ዝናዬን ሰምተው ነው ከፊት ለፊታችን ያሉት ልብስ ሰፊ ጋሼ በወጣትነታቸው የገዙትን ካሜራ ያመጡልኝ። ሌንሱ ውስጥ ለብርሃን የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ እነሱ ደርቀው ቀርተዋል። የሱቆቻችን ረድፍ ከበዓል በኋላ ሊፈርስ ነውና በየበሩ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። ጋሼ ሠላሳ ዓመት የሰፉበት በር ላይ ቆመው፣ ሳይፈርስ፣ በዚህ ካሜራ ፎቶ መነሳት ፈለጉ።

«በስልክ ላንሳዎት» አልኩ።

«የስልክ ፎቶ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ትችላለህ አትችልም?»

«እችላለሁ።»

ገጣሚ ነኝ ብያለሁ።

ሌንሱን ፈትቼ ቅጠሎቹን ብነካካ ንቅንቅ የለም። ጋሼ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ። «አንተ ልጅ፣ የደረቀ መኪና ምን ይፈልጋል?»

«ምን?»

«ዘይት ነዋ! ይህንን ሳታውቅ ነው የምትፈታታው?» የመኪናቸውን ዘይት ሰጡኝ።

ሸማ ተራ ውስጥ በዘይት የማይድን መኪና የለም። ሁለት ጠብታ አደረግሁ፤ ቅጠሎቹ ተንቀሳቀሱ። ለጋሼ ክብር ሦስተኛ ጨመርኩ። በማግስቱ በዘይቱ እርስ በርስ ተጣብቀው ከበፊቱ ብሶባቸው አገኘኋቸው። ስልኬን ከፈትኩ። አስተማሪዬ የዘይት ዕቃውን ወደ ቅጠሎቹ አስጠግቶ ጣቱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። ዘልዬው ያለፍኩት ክፍል ነው። ለዚያ ደግሞ ቋንቋ አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ዘይቱ አልተስማማውም።»

«ታዲያ ቅቤ ልስጠው? ጾም እኮ ነው!» ሳቁ። ቀጥለው በሩን አዩና ሳቁን ተዉት። «ለበዓል ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አልኩ፤ ከበዓሉ በስተቀር የሚደርስ ነገር አልታየኝም።

አምስት ቀን ሙሉ ከጋራዥ በለመንኩት ቤንዚን ቅጠሎቹን በጥጥ አጠብኩ። እናቴ «ከነጠላው ጋር አታቃጥለን» እያለች ባልዲ ውኃ ከጎኔ አስቀመጠች። በመጨረሻ ተከፈቱ። ለመዘጋት ግን «አንድ» እስክል ይፈጅባቸዋል፤ አስተማሪዬ ጋ ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚያልቀው። ከዚያ በላይ አቅሜ አልነበረም።

የበዓሉ ዋዜማ ማለዳ ጋሼ ከልብስ ቁልፍ መሳቢያቸው ጊዜው ያለፈበት ጥቁርና ነጭ ፊልም አወጡ። ብርሃን እንዳይበዛበት የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጠበብኩና ካሜራውን የነጠላ ጥቅል ላይ አስቀመጥኩ። በመሀላችን ተሸካሚውም ገዢውም ይተላለፋል።

«ጋሼ፣ እንዳይተነፍሱ።»

«ሐኪምም ሆንክ?»

«ትንሽ ይዘገያል።»

«ስንት ቀን?»

ነገር ግን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እጃቸው በሩ ላይ። ተጫንኩ። አንድ። ተዘጋ።

ፊልሙን አንድ የቀረ አሮጌ ፎቶ ቤት አጠበልኝ። ፎቶውን ይዤ ስመለስ ጋሼ የስፌት መኪናቸውን ጋሪ ላይ እያስጫኑ ነበር። ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ሕዝቡን የት ጨረስከው?»

እውነትም የበዓሉ ገበያተኛ ሁሉ የለም። ተሸካሚው፣ በጉን የሚጎትተው፣ ነጠላ የምታማርጠው፣ ሁሉም ጭስ ሆኗል። ጥርት ብለው የወጡት በሩ፣ የተቀባበት ምልክትና ጋሼ ናቸው።

«እነሱ እየሄዱ ነበር። በዚህ ፍጥነት የሚይዘው የቆመ ሰው ብቻ ነው።»

ፎቶው ላይ ያለውን የበሩን ምልክት በጣታቸው ነኩ።

«ልቀቅ የተባልኩት ግን እኔ ነበርኩ» አሉ።

ፎቶውን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ ካሜራውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከጋሪው ኋላ ሄዱ። ከካሜራው የተረፈች አንዲት ብሎን ኪሴ ውስጥ ነበረች። ልጠራቸው አሰብኩ። ተውኩት።