ባለቤቴ ያያቸው ሻርኮች

ባለቤቴ ከሚሴ ላይ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ከአሰብ በሚነሳ የንግድ መርከብ ላይ ባሕረኛ ነበር። ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ሥራውም በዚያው ቀረ። ሰንበቴ ገበያ ከጅቡቲ በኩል የመጣ ነጋዴ ካገኘ፣ ስለ ዕቃው ከመጠየቁ በፊት ስለ ባሕሩ ይጠይቀው ነበር።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። እሱ ደጋግሞ የሚያወራልኝ መሬት ከማይታይበት ከመሀል ውቅያኖስ ስለሚኖር አንድ ሻርክ ነበር። ክንፎቹ ረጃጅም፣ ጫፋቸው ክብና ኖራ የተቀባ የሚመስል ነጭ ነው።

"አይቸኩልም" ይለኛል። "ትንንሽ ባለመስመር ዓሦች ከፊቱ እየዋኙ፣ እሱ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ መርከቡን ይከተላል። የምግብ ትራፊ ስንደፋማ ብዙ ሆነው ይመጣሉ። ዱጋዳ" ይላል በኦሮምኛ፤ "ወላሂ እውነቴን ነው።"

"አርፎ አይተኸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

መዋኘት ካቆመ ውሃው በመተንፈሻው በስንጥቡ ስለማያልፍ እንደሚታፈን ነገርኩት።

"ምስኪን" አለ።

ጅቡቲ ወርደን በጀልባ ወስዶ ሊያሳየኝ ያስብ ነበር። አንዴ የፈተና እርማት፣ አንዴ የልጅ ሕመም እየመጣ "ኢንሻአላህ ለከርሞ" እየተባባልን ቆየን።

ዲሽ ካስገባን በኋላ አንድ ከሰዓት ያው ሻርክ በቴሌቪዥን መጣ። "እሱ ነው" ብሎ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠ። ተራኪው በእንግሊዝኛ የሚለውን እተረጉምለት ጀመር። እናቲቱ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አርግዛ እንቁላል ሳትጥል ልጆች እንደምትወልድ ስነግረው ፈገግ አለ። ቀጥሎ ተራኪው ለሾርባ ለሚፈለገው ክንፋቸው ሲሉ ሰዎች እንደጨረሷቸው ተናገረ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ተረጎምኩለት።

"የትኞቹን? እኛ ያየናቸውን?"

"አዎ።"

"እንዴት ያልቃሉ? እኛን እኮ ሰልችተውን ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ጅቡቲን አንስቶ አያውቅም። አንድ ቀን እኔ ባነሳለት "ሄደን ባዶ ውሃ ላሳይሽ?" አለኝ። ወደ ፈተና እርማቴ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ የልብ ሕመም ወሰደው።

ያን ቀን "አዎ፣ ባዶውንም ቢሆን አሳየኝ" ባልኩት እላለሁ። ሻርክ ባይመጣ እንኳ በየት በኩል ይመጣ እንደነበር በእጁ እያመለከተ ያሳየኝ ነበር።