እስክመለስ ያዢልኝ

እህቴ አፀደ የምትወልድበትን ወር ስትመርጥ የሰብል ተመራማሪነቷን አልረሳችም። ለማስተርስ አለማያ የምትገባው በመስከረም 1987 ነበር። ለሦስት ዓመት ስትጠይቅ ቆይታ ያገኘችው ዕድል ነው። አለቃዋም፣ «ሆድሽን ይዘሽ ብትመጪ ዕድሉ ለሌላ ነው» ብሏታል። ስለዚህ በግንቦት ወልዳ፣ ክረምቱን አጥብታ፣ ሕፃኑን ለማናዬ ሰጥታ ለመሄድ ወሰነች።

ማናዬ ታላቃችን ናት። መካኒሳ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ልጅ አልወለድሽም ብሎ ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል። የአፀደን ዕቅድ ስትሰማ ሳቀች።

«አንቺ፣ ልጅ ጤፍ መሰለሽ እንዴ? ዝናብ አይተሽ የምትዘሪው?»

«እትዬ፣ ያለጊዜው የተዘራ አይበቅልም።»

«በጊዜው የተዘራውንስ ዋግ ይመታው የለ!»

ሁሉም ግን አፀደ እንዳለችው ሆነ። ሲና በግንቦት ተወለደች። የአፀደ ባል ደምሰው ነፋስ ስልክ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለሚሠራ፣ ላፍቶ ቤታቸው ሕፃን ይዞ መዋል አይችልም። በጳጉሜን አፀደ ልጇን መካኒሳ አድርሳ፣ «እትዬ፣ እስክመለስ ያዢልኝ» አለች። ጡቷ ሸሚዟን እያራሰው ታክሲ ተሳፈረች።

አለማያ ሩቅ ነው። መጀመሪያ በየዕረፍቱ ትመጣ ነበር፤ የመመረቂያ ሙከራዋን ስትጀምር ግን ማሳውን ጥላ መምጣት አልቻለችም። ጨርሳ የተመለሰችው በታኅሣሥ 1989 ነው። ሲና ከሱቁ ባንኮኒ ሥር ቆርኪ ደርድራ ትጫወት ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ተጣራች።

«እማዬ! አፀድዬ መጣች!»

ማናዬ ደነገጠች። «እማዬ እሷ ናት። እማዬ በያት።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አፀደም አብራት ለመሳቅ ሞከረች።

ያኔውኑ ልትወስዳት ትችል ነበር። ሆኖም መሥሪያ ቤቷ ሲዘራም ሲታጨድም ክፍለ ሀገር ይልካታል። «ይህ አዝመራ ይለፍ» አለች፤ ቀጥሎም የሚመጣው። ሁለተኛ ልጅ ለሥራ ዕድገቷ ማግስት አቅዳ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ሁለት ጊዜ አስወረዳት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ልጅ አላነሳችም። ሲናን ለመስከረም 1991 ላፍቶ መዋዕለ ሕፃናት አስመዘገበቻት። በነሐሴ ማናዬ ታማ ተኛች።

«ከታመመ ሰው ጉያ ልጅ አይነጠቅም» አለች አፀደ፤ እንደገናም ሳትወስዳት ቆየች። በኅዳር ማናዬ ሞተች።

የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የመጻፉ ሥራ ለእኔ ደረሰ። «ልጅ አልወለዱም» ብዬ ጽፌ ነበር። አፀደ አነበበችው።

«ሰርዘው። ‹የአንዲት ልጅ እናት ነበሩ› በል።»

«እውነት አይደለም እኮ።»

«ሲና ቆማ ትሰማለች፣ አንተ! ዛሬ በሰው ፊት እናትሽ አይደለችም ልትላት ነው?»

እንዳለችኝ ጻፍኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲነበብ ለቀስተኛው ልጅቷን እያየ አነባ። የሱቁ ጎረቤቶች «እናቷን ያጣች» እያሉ አቀፏት። አፀደ ከኋላ፣ ከአክስቶቻችን ጋር ቆማ ነበር።

ከሠልስት በኋላ ሲናን ላፍቶ ወሰደቻት። የልብሷን ፌስታል ልትፈታ ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«ተይው፣ አፀድዬ። እማዬ እስክትመጣ እኮ ነው።»

አፀደ ልታስረዳት አፏን ከፈተች። ከዚያ «እሺ» አለች።

ፌስታሉ ከበሩ ኋላ ተሰቀለ። አፀደ ጠዋት ጠዋት ከውስጡ ልብስ ታወጣለች፤ አጥባ ትመልስና መልሳ ትቋጥረዋለች። ፋሲካ አለፈ። የዘር ወቅት ደረሰ፤ አፀደ ፈቃድ ጠይቃ ከማሳዋ ቀረች። ፌስታሉ አሁንም እንደተቋጠረ ነው።