ፈድሊያ ቸኩላ የሞከረችው ምርመራ

ፈድሊያ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። በ1980 ዓ.ም. ባሏ ጠሃ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለና ሰኞ ጧት ትሳፈራለህ ተባለ። ያን ሰሞን ከጂዳ የመጣችው እህቱ ሀዋ ከሻንጣዋ ሁለት ነጫጭ የእርግዝና መመርመሪያዎች አውጥታ ለፈድሊያ ሰጠቻት።

«ሽንት ታስነኪዋለሽ። ሁለት መስመር ካወጣ አርግዘሻል። ግን ማሎ፣ እባክሽ፣ የወር አበባሽ እስኪቀር ጠብቂ። ሽንቱም የጧት ይሁን» አለቻት።

ፈድሊያ መጠበቅ አልሆነላትም። ቁጭ ስትል ትነሳለች፣ የጀመረችውን ስፌት ትተወዋለች። ጠሃ ሳይሄድ ማወቅ ፈለገች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽንቷ እንዲመጣ ውሃ በላይ በላዩ ጠጥታ ሞከረችው። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላብጣ አየችው፤ ያው ነው።

«የለም» አለችው ጠሃን።

«አላህ ያለው ይሆናል» አለና ጫማውን መጥረግ ቀጠለ።

እሱ ከሄደ በኋላ የወር አበባዋ ቀረ። ተስፋ ማድረግም ተስፋ መቁረጥም አቃታት። የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄዳ ለነርሷ ለሲስተር ያለምወርቅ ነገረቻቸው።

«ቸኩለሻል» አሏት። «መመርመሪያው የሚያገኘው ሴት ስታረግዝ ሰውነቷ የሚያመነጨውን ሆርሞን ነው። ያኔ ገና ጥቂት ነበር፤ ውሃውም አቅጥኖታል። ሁለት መስመር ከወጣ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አንድ መስመር ግን ‹ገና ነው› ማለትም ሊሆን ይችላል።»

በማግስቱ ጧት የቀረውን ሞከረች። ሁለት መስመር ደምቆ ወጣ። ቁርስ እንኳ ሳትበላ በጭነት መኪና ተሳፍራ ጠሃ ወዳለበት ማሰልጠኛ ሄደች። ዘበኛው አላስገባትም። አጥሩ ጋ ስትንቆራጠጥ ቆይታ፣ ማገዶ የተሸከሙ ምልምሎች በሰልፍ ሲያልፉ ጠሃን ለየችው።

«ጠሃ! አለ! ልጅ አለ!»

ዞር አለ። አስር አለቃው ገፋ አደረገው፤ እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እያያት አለፈ። ከዚያ ወደ ሰሜን ላኩት።

ደርግ ሲወድቅ ከስቶ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ ተመለሰ። እሱ በሌለበት የተወለደችው ልጁ ኩልሱም አፏን ፈታ ነበር። ሰውየውን ፈርታ አልጋ ሥር ገባች። ጠሃ እንድትወጣ አላባበላትም፤ መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።